ከወሰኑ ድንጋይ ሥር ያኖርኩት ከሰል

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ ያቆምኩ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የምይዘው ሞላሌ ላይ በከፈትኳት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ያለቀውን ዕቃ እንዳልረሳ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት ብዬ ለመጫር ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ እንኳ ፊቱን ሳይሆን ዕቃውን እያየሁ ነው የምመልሰው። ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ከጎኔ ቤት የተከራየች መምህርት ናት። የየመንደሩን ታሪክ ከየመንደሩ ሰው እየሰበሰበች ነው። «አንቺ ያደግሽበትን ብቻ ጻፊልኝ፤ በአራቱም አቅጣጫ ምን እንደሚያዋስነው፣ ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ ምን እንደሚበቅልበት» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። የሰጠችኝ ደብተር ሦስት ሳምንት ባዶውን መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ባለፈው የገበያ ቀን ዝናቡ ድንገት ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ከነገሳቸው ሱቄ በር ላይ ተጠለሉ። ገሳ ከጓሳ ሣር የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው፤ አሁን ሰው ሁሉ ላስቲክ ስለሚደርብ ከዓይን እየጠፋ ነው። «ልጄ፣ በርሽን ዘጋሁብሽ መሰል» አሉኝ። «ኧረ ይግቡ አባቴ» አልኳቸው። «ልግባ? ይሸታል እኮ! ባለቤቴ ይህን ለብሼ ስገባ ከበጎቹ ጋር እደር ነው የምትለኝ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። እርጥብ የጓሳ ሣር ሽታ ሱቁን ሞላው፤ ሳሙናው፣ በርበሬው፣ ጋዙ ሁሉ ሽታቸው ጠፋና የእንቅብ ሜዳ ክረምት ብቻ ቀረ። ሽማግሌው ዝናቡ አባርቶ ከሄዱ በኋላ ደብተሩን አወረድኩት።

እንቅብ ሜዳ ከሞላሌ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በሰሜን የጓሳ መሬት ያዋስነዋል። እዚያ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና አባቶች በቃ ሲሉ ብቻ ይከፈታል፤ በሚከፈትበት ሰሞን ሰው ሁሉ ማጭዱን ስሎ ይወጣል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ተሸክሞ ሲመለስ ከሩቅ ሲታይ ሣሩ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። በምሥራቅ ገደል ነው። ጧት ጧት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ደጃችን ድረስ ይመጣል፤ ሲገለጥ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል፣ ጭላዳዎችም ከገደሉ ወጥተው እንደ ገበያተኛ ቁጢጥ ብለው ሣር ይነጫሉ። በደቡብ ወፍ ውኃ የምንለው ጅረት አለ፤ በጋ ላይ ከወፍ በቀር ማንንም አያጠጣም። በምዕራብ የኪዳነ ምሕረት ደብር ነው። መሬቱ ዙሪያው ከፍ፣ መኻሉ ጎድጎድ ያለ ስለ ሆነ ከላይ ሲያዩት እንቅብ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ታሪኩን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው አባት ወሰኑን የለየው ፈረስ ጋልቦ ነው ይባላል፤ ፈረሱ ደክሞ የወደቀበት ቦታ ላይ ወርዶ «እስከዚህ የኔ ነው» አለ ይላሉ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ይህ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ይስቁ ነበር። «ሰው ሆኖ በቃኝ ያለ የለም፤ በቃኝ ያለው ፈረሱ ነው» ይሉ ነበር።

የሚበቅለው ገብስ ነው። ከገብስ ሌላ ትንሽ ባቄላ፣ ትንሽ ምስር። የእንቅብ ሜዳ ሰው የሚፈራው ድርቅን ብቻ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ውርጭን ነው። ውርጭ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፣ እንቅቡ መኻል ገብቶ ይተኛል። ማታ አረንጓዴ የነበረው ገብስ ጧት የተቀቀለ መስሎ ይገኛል። ከላይ ዳገቱ ላይ ደግሞ ውርጭ የለም፣ መሬቱ ግን ድንጋይ ነው። በሁለቱ መኻል እንደ መቀነት ቀጠን ያለ ጥቁር አፈር አለ፤ ውርጩ አይደርስበትም፣ ድንጋዩም አይበዛበትም። በእንቅብ ሜዳ ሰው ጠገበ ከተባለ ከዚያች መቀነት ላይ ድርሻ አለው ማለት ነው። የእኛ ማሳ ከላይ፣ የእትዬ ዘነቡና የባለቤታቸው የጋሼ ተክሌ ከታች በምዕራብ በኩል ነበር፤ ጥቁሩን አፈር እኩል ተካፍለነው ነበር።

መምህርቷ የጠየቀችኝ የመንደሩን ወሰን ነው። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የእኛ አገር ሰው ግን ወሰን ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው የማሳው ወሰን ነው፤ ለኔ ደግሞ ከዚያ ሌላ ትዝ የሚለኝ የለም።

ያን ጊዜ እናቴ በወሊድ ተጎድታ ለረጅም ጊዜ ተኝታ ስለነበር እኔን ያሳደጉኝ እትዬ ዘነቡ ናቸው ማለት ይቻላል። ልጅ አልነበራቸውም። ከዳገቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ቤታቸው የድንጋይ ግድግዳ፣ የጓሳ ክዳን፣ በሩ አጠገብ የሬት ተክል ነበረው። ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳውን ተደግፈው ሱፍ ይፈትላሉ፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እፈትላለሁ። እንዝርት ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ፈትሉ ሲወፍርብኝ «ይህ ክር ነው ገመድ? በሬ ልናስርበት ነው?» ይሉኛል፤ ሲቀጥንብኝ ደግሞ «ሸረሪቷ ቀንታብሻለች» ይላሉ። አንዳንዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እንዝርቴ ዙሪ ዙሪ ብርዱ ሳይመጣ፣
ለጎኔ የሚሆን ባና እስኪወጣ»

ብለው ያንጎራጉራሉ። የተፈተለውን ጋሼ ተክሌ ባና አድርገው ይሸምኑታል፤ ጥቁርና ነጭ ያለበት ወፍራም ባና፣ አዲሱ ሲለበስ የሚወጋ፣ ሲያረጅ ግን እንደ እናት እቅፍ የሚሆን። ቅዳሜ ሞላሌ ይወርድና ይሸጣል። እኔም ተከትዬ የመጣሁባቸው ቅዳሜዎች አሉ። ያን ጊዜ አውቶቡሱ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ ቀኑን ሙሉ ካሴት የሚያጫውት ሱቅ ነበር፤ ልጃገረዶች ቀይ ሻሽ ለመግዛት የመጡ መስለው ዘፈን ሊሰሙ ነበር የሚቆሙት። አንድ ብር ይዞ የገባ ሰው ጨው፣ ክብሪትና መርፌ ገዝቶ መልስ ይቀበላል። ዛሬ የኔ ሱቅ ከዚያ ማዕዘን ላይ ነው። ካሴት የለም፤ ሁሉም ዘፈኑን ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አባዬ ጌታቸውና ጋሼ ተክሌ ወሰናቸውን በድንጋይ ለመለየት ተስማሙ። በእኛ መንደር ወሰን ሲተከል ደንብ አለው። ጉድጓዱ ይቆፈርና ድንጋዩ ከመቆሙ በፊት ከሥሩ ከሰል ይደረጋል፤ እንጨት ይበሰብሳል፣ ከሰል ግን አይበሰብስም። ከሰሉን በእጁ የሚያኖረው ደግሞ ልጅ መሆን አለበት። «ድንጋይ ይገፋል፣ ሽማግሌ ያልፋል፣ ልጅና ከሰል ይቀራሉ» ይላሉ። ልጁ ካደገ በኋላም ቢሆን ክርክር ሲነሣ ቦታውን የሚያሳየው እሱ ነው፤ ከሰሉን ያኖረው ልጅ ሳያመለክት ወሰን የቆፈረ ሰው የተረገመ ነው። ወሰን የገፋማ ከእርግማንም በላይ ነው።

በዚያን ቀን ልጅ ተብዬ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። የእኛ አገር ሰው የሚያነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ዐመድ እንጂ ከሰል አይሆንም። ስለዚህ እትዬ ዘነቡ ለዚሁ ብለው ያቆዩትን የደጋ ቁጥቋጦ የአስታ ሥር በምድጃቸው አንድደው፣ ፍሙን በገል አድርገው፣ ውኃ ረጭተውበት አመጡ። የጠፋ መስሏቸው ነበር። እኔ አንሥቼ ጉድጓዱ ውስጥ ሳኖረው ውስጡ ገና ትኩስ ነበርና ጣቴን አቃጠለኝ። ብዙ ሰው ስለነበር አፍሬ አልጮህኩም። ማንም አላየም፣ እትዬ ዘነቡ ብቻ አዩ። ጎንበስ ብለው እጄን ያዙና እፍ፣ እፍ፣ እፍ አሉልኝ። «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ አሁን መቼም አትረሺውም» አሉኝ በጆሮዬ። ቀና ስል በሁለት አለቶች መኻል የኪዳነ ምሕረት ጉልላት ታየኝ። ከዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነው እንደዚያ የሚታየው፤ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢሉ አለቱ ይጋርደዋል።

ጋሼ ተክሌ ከሦስት ዓመት በኋላ በሳል በሽታ ሞቱ። ቀጥሎ በልጉ የቀረበት፣ የመኸሩን ደግሞ ውርጭ የመታው ዓመት መጣ። ቤታችን ውስጥ የቀረው የዘር ገብስ ብቻ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ጧት፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ዲጂኖ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ቀረብ ስል አባዬ ነው። የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል ቁልቁል ወርዶ እየተከለው ነበር። ጥቁሩ አፈር ሁሉ ከድንጋዩ ወዲህ ቀረ። አባዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መጻፌ እሱን ለማሳጣት አይደለም። ስድስት ልጅ ነበረው፣ እትዬ ዘነቡ ደግሞ ብቻቸውን ነበሩ። ቀና ሲል አየኝ። ዲጂኖውን እንደያዘ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «ውኃው ይደፈርሳል፤ ሂጂ ቶሎ ቅጂ» አለኝ። ሌላ ቃል በመካከላችን አልነበረም፤ እስኪሞት ድረስ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከገበያ ቀይ ኮንጎ ጫማ ገዝቶ መጣልኝ። ለስንት ጊዜ የለመንኩት ጫማ ነው። በዚያ ዓመት ከመንደሩ ሴት ልጆች ኮንጎ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እየታጠበ ሲያብረቀርቅ ዛሬም በዓይኔ ላይ ነው።

መሬት ሁሉ ደብተር ላይ ይሰፍራል የተባለው አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። የመሬት ኮሚቴዎች ገመድ ይዘው ከማሳ ማሳ እየዞሩ ይለኩ ነበር። የእኛ ተራ ሲደርስ ግማሹ መንደር ዳገቱ ላይ ተሰበሰበ። አባዬ ክት በርኖሱን ለብሷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ «በምዕራብ በኩል አዋሳኝህ?» አለው።

«ይኸው ድንጋዩ» አለ አባዬ።

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ድንጋዩማ ድንጋይ ነው። እግር ሳይኖረው ግን ሄዷል» አሉ።

ሰው ሳቀ። «ማን አስኬደው እትዬ?» አለ አንዱ። «እንደ ፈረሱ ሲደክመው ነው የቆመው?»

«እኔ ምን አውቄ! ድንጋዩ ቢሄድም ከሰሉ አልሄደም። ከሰሉን ያኖረችው ይቺ የጌታቸው ልጅ ናት። እሷን ጠይቁልኝ።»

«እንዴ እትዬ! በገዛ አባቷ ላይ ልጅቷን ምስክር ይጠራሉ?» አለ ሰብሳቢው።

«የአባቷ ልጅ መሆኗን አጥቼው ነው? እንዝርት ያስያዝኳትስ እኔ አይደለሁ? ውሸት አላስተማርኳትም» አሉ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። የደብሩ ቄስ መምሬ አጥናፉ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀረቡኝና «አትፍሪ ልጄ፤ ከሰሉን ያኖርሽው የት ላይ ነው? ጣትሽን አንሥተሽ አሳዪን፣ ሌላ ምንም አትበዪ» አሉኝ። ጣቴን ብቻ። ጉልላቱ በሁለቱ አለቶች መኻል የሚታይበትን ቦታ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ አውቀው ነበር። ጣቴን ባነሣ ግን እርግማኑ አባዬ ላይ እንደሚወርድ ተሰማኝ። አባዬ መሬት መሬቱን ያያል። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ፤ የታየኝ ቀዩ ጫማዬ ነው። የተቃጠለችውን ጣቴን በነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩና «አላስታውስም» አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ባለበት የተናገርኩት ቃል እሱ ብቻ ነው።

እትዬ ዘነቡ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ ሰዎቹ ዞረው «ተዉአት፣ አታስጨንቋት። ልጅ አይደለች፣ ትረሳለች» አሉ። ገመዱ ተዘረጋ፤ ድንጋዩ ባለበት ተጻፈ። ሰው ሲበተን አንዲት ሴት ለእናቴ «ጨዋ ልጅ ወልደሻል፤ በወንዶች ፊት ቀና አትልም» ስትላት ሰማሁ። ያን ቀን ነው ጨዋ የተባልኩት።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት መሄድ ተውኩ። ከታች የቀረላቸውን መሬት ውርጭ በየዓመቱ ይበላው ነበርና በእኩል የሚያርሱላቸው ሰውዬ ተስፋ ቆርጠው ተዉት። ሁለት ዓመት ሱፍ እየፈተሉ ቆዩ፤ ፈትሉን የሚሸምንላቸው ግን አልነበረም። አንድ ቀን ቤታቸውን ዘግተው በቀየት በኩል ያለ አንድ ደብር ሊመነኩሱ ተነሡ። ሊሰናበቱን ሲመጡ እኔ ጎተራው ኋላ ተደብቄ ነበር። «ልጅቷ የለችም እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ «ውኃ ወርዳለች» አለች። «እንግዲህ ሳሚልኝ» አሉ። የእግራቸው ድምፅ እስኪጠፋ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ቤት ጭስ ካጣ የጓሳ ክዳን አይቆይም፤ በሁለተኛው ክረምት ጣሪያቸው ወደ ውስጥ ገባ። ዛሬ የቀረው ግድግዳውና ሬቱ ነው።

አባዬ የሞተው ዓምና ነው። ከአርባው በኋላ ለታላቅ ወንድሜ ለደሳለኝ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት።  «አሁን ምን ይሁን ነው የምትይው? ደብተሩ ማኅተም ያረፈበት ነው። እሳቸውስ መንኩሰዋል፤ መሬቱን መንግሥተ ሰማይ ይዘውት ይገባሉ?» አለኝ። እሱም አራት ልጅ አለው፤ ፊቱ የአባዬን ፊት ሆኖ ታየኝ። ብቻዬን ወደ ማሳው ወረድኩ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያልኩ ጉልላቱ በሁለቱ አለቶች መኻል ብቅ እስኪል ሄድኩ፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ቦታው ግን ያው ነው። ተንበርክኬ በዶማ ቆፈርኩ። ከክንድ በታች ነው ያገኘሁት፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ያኔ እንዳኖርኩት። በመሐረብ ቋጥሬ በማግስቱ ወደ ቀየት ሄድኩ።

እትዬ ዘነቡን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ኋላ ባለች ጎጆ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቢጫ ቆባቸው ከፊታቸው ሰፍቶ እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «እሰይ! ፈትልሽ ዛሬም ይወፍራል?» አሉኝ።  ከሰሉን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ደባበሱት፣ አሸተቱት። «አስታ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እትዬ፣ አልረሳሁትም ነበር» አልኳቸው። «ያን ጊዜም አስታውስ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ቀበሌ ሄጄ እመሰክራለሁ። አሁን እናገራለሁ።»

«ለማን ልታስመልሺው የኔ ልጅ? እኔ ከእንግዲህ የሚያስፈልገኝ ሦስት ክንድ መሬት ነው፤ እሱን ደብሩ ሰጥቶኛል፣ አዋሳኝም የለው» ብለው ፈገግ አሉ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ስንት ዓመት የታሰረ ልቅሶ ነው፣ አላቆም አለኝ።

በፍልሰታ ጾም ሱፍ ይዤ ስመለስ ጎጆዋ ተዘግታ ነበር። አንዲት መነኩሲት ገና ሣር ያልበቀለበትን አፈር አሳዩኝ።

መምህርቷ የምትፈልገው ይህን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ይጻፍልኝ፤ የእኛን ማሳ በምዕራብ የሚያዋስነው የእትዬ ዘነቡ ማሳ ነው፣ ወሰኑም የኪዳነ ምሕረት ጉልላት በሁለቱ አለቶች መኻል የሚታይበት ቦታ ነው። የመሬት ደብተሩ ሌላ ይላል። ከሰሉን ያኖርኩት ግን እኔ ነኝ።

ያን ቀን እዚያ ጎጆ በር ላይ ሳለቅስ እትዬ ዘነቡ ከሰሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና በሁለት እጃቸው እጄን ፈለጉ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየደባበሱ እንዲህ አሉኝ፦

«የትኛዋ ነበረች የተቃጠለችው? እስቲ አምጫት፣ እፍ ልበልልሽ።»